ጠግበው የተራቡ በጎች

የዚያን ዕለት ጠዋት እዚያ ቤት የመድረስ ሐሳብ አልነበረኝም። ሥራዬ ለምንጣፍ ፋብሪካ ሱፍ መግዛት ነው፤ ልሄድ ያሰብኩትም ወደ ሌላ ሰፈር ነበር። ዋናው መንገድ ለጥገና ተዘግቶ ስላገኘሁት መኪናዬን በጎን መንገድ አዙሬ ስነዳ፣ የብዙ ዓመት ደንበኛዬ ከሆኑ አንዲት ባለ በግ ደጃፍ ደረስኩ። እግረ መንገዴን ሰላም ብያቸው ልለፍ ብዬ ወረድኩ። ባልወርድ ኖሮ ቀጥሎ የምነግራችሁን ነገር ከሌላ ሰው አፍ፣ ያውም ተጣሞ፣ በሰማሁት ነበር።

እኚህ ሴት ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ቃላቸው የሚከበር ናቸው። የአካባቢው አርቢ ሁሉ «እትዬ ዳኛ» ይላቸዋል። ፍርድ ቤት ገብተው አያውቁም፤ ነገር ግን በበግ ጉዳይ ሁለት ሰው ከተጣላ ፍርዱ የሚጠበቀው ከእሳቸው ነው። እሳቸው የገዙትን አውራ በግ ሰው ይገዛል፤ እሳቸው ያልወደዱትን ሳር ሰው አያጭድም።

ስደርስ የግቢያቸውን የብረት በር በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል። ከውጭ፣ ልክ ፊት ለፊታቸው፣ የወንድማቸው ልጅ አለ። የእንስሳት ሕክምና ተምሮ ከተመረቀ ገና ዓመቱ ነው፤ በአቅራቢያው ባለ ክሊኒክ ይሠራል። ቦቲ ጫማው በጭቃ ተለውሷል፣ የመድኃኒት ሣጥኑን በደረቱ አቅፎታል።

«አክስቴ፣ እባክዎ ልግባና ልያቸው» ይላል።

«አትገባም! ባለፈው ገባህ፣ ወጋህ፣ ሄድክ። ከዚያ በኋላ የቀበርኩትን የማውቀው እኔ ነኝ።»

እኔን ሲያዩ ፊታቸው ለአፍታ ፈታ አለ። «እንኳን መጡ» አሉኝ። «እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ዛሬ ይፍረዱን። ሰው እኔን ዳኛ ይለኛል፤ ግን ከሳሽም ተከሳሽም የራሴ ሥጋ ሲሆን በምን አፌ ልፍረድ?»

«ነገሩን ሳልሰማ?» አልኩ።

«ይስሙ እንግዲህ። ይህ ልጅ ለሳምባ ምች ክትባት ነው ብሎ በጎቼን ወጋ። እሺ አልኩ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ካላመንኩ ማንን ላምን? ብዙም ሳይቆይ ግልገሎቼ እግራቸው ይገተር፣ ወገባቸው ይጎብጥ ጀመር። አንዱ ዛሬ ሮጦ ነገ ድፍት ይላል። ትልልቆቹም ቢሆኑ ያስላሉ። የጎረቤቴ በግ ሳይወጋ ያስላል፣ የኔ ተወግቶ ያስላል። ታዲያ መርፌው ምን ጨመረ? ሞት ጨመረ!»

«አክስቴ» አለ ወጣቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግልገሎቹን እኮ አልወጋኋቸውም። የወጋሁት እናቶቻቸውን ነው።»

«ታዲያ በጡት በኩል አልፎ ገደላቸዋ!»

ከኋላችን ሳቅ ተሰማ። ጎረቤትየው በአጥሩ ላይ ተደግፎ ሲያዳምጥ ኖሯል። ይህ ሰው ወሬ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚያደርስ የሰፈሩ ሰው «ሰበር ዜና» የሚል ስም አውጥቶለታል። «እኔስ የሰማሁት በጎቻችንን ለማምከን ነው አሉ» አለ፣ ማን እንዳለ ሳይናገር።

ነገሩ የአንድ ቤት ጠብ ቢሆን ኖሮ አስታርቄ እሄድ ነበር። ግን በማግስቱ ጠዋት የክትባት ቡድን ሊመጣ ቀጠሮ ተይዟል። የአካባቢውን በግ ሁሉ ሰብስቦ ለመክተብ የሚበቃ ግቢ ያላቸው፣ በጎቹን በተራ የሚያሳልፍ የእንጨት መተላለፊያም ያሠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከወንዙ ማዶ ደግሞ የሳምባ ምች ገብቶ መንጋ እየጨረሰ ነበር። የእትዬ ዳኛ በር ካልተከፈተ የማንም በግ አይከተብም። እሳቸው ግን ሰበር ዜና ባለበት፣ ሌሎች ጎረቤቶችም በሚሰሙበት እንዲህ ብለው ማሉ፦

«ነገ ይህ በር ለመርፌ ከተከፈተ እኔ የአባቴ ልጅ አይደለሁም!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ወጣቱ ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። መሐላን ያህል ነገር በማስረጃ ማሸነፍ እንደማይቻል የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አልነገረውም፤ የነገረው ግን ከአክስቱ ጋር ኖሮ ማደጉ ነው።

እኔ ነገሩን ለማብረድ ብዬ በአጥሩ ስር ወደቆመች አንዲት እናት በግ ጠጋ አልኩና በአጥሩ ክፍተት ጀርባዋን ዳሰስኳት። እጄ የለመደውን አላገኘም። የዚህ ቤት ሱፍ ጥቅልል ያለ፣ ሲስቡት ተዘርግቶ ሲለቁት የሚመለስ፣ ምንጣፍ ሠሪዎቻችን በስም የሚጠይቁት ነበር። አሁን እንደ ፈረስ ጭራ ቀጥ ብሏል። ስስበው ተበጠሰ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ የእርስዎ ሱፍ አይመስልም።»

«ምን ይላሉ እርስዎ?»

«ጥቅልሉ ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ሱፍ ሳይ በጉ መዳብ እንዳጠረው እጠረጥራለሁ። ትምህርት ቤት ሳለን ያስተማሩን ነው።»

ሴትዮዋ አንዴ እኔን አንዴ የወንድማቸውን ልጅ አዩ። «ተማክራችሁ ነው የመጣችሁት» አሉ።

«እኔ ዛሬ እዚህ የመጣሁት መንገድ ተዘግቶብኝ ነው።»

ወጣቱ ግን ንግግሬን እንደ ገመድ ያዛት። «ይኸውልዎ አክስቴ! እኔም ልነግርዎ የመጣሁት ይህንኑ ነው። በጎቹ የጎደላቸው ነገር አለ። ጥቃቅን ማዕድናት ይባላሉ። የሚያስፈልጉት እጅግ በጣም ትንሽ ናቸው፤ በዓይን አይታዩም፤ ግን ከሌሉ ሰውነት ራሱን መከላከል አይችልም።»

«ጎደላቸው?» እትዬ ዳኛ በሩን ለቀው እጃቸውን ወደ መስኩ ዘረጉ። «ያንን ሳር እየው! ጉልበት ድረስ ነው። ውሃው ከጉድጓድ ነው። ደግሞስ የሞቱት የትኞቹ ናቸው? ከሲታዎቹ ናቸው? አይደሉም! የሞቱት ወፍራሞቹ፣ ጡት በደንብ የጠቡት፣ ዓይን የሚጥሉባቸው ናቸው። የጎደለው ይከሳል እንጂ ይወፍራል? ይህን መልስልኝ፣ የተማርክ!»

ጥያቄው ከባድ ነበር። ወጣቱ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ግን ከጋጣው በኩል የእናት በግ ጩኸት ተሰማ፤ ሠራተኛቸው አንድ ግልገል ታቅፎ እየሮጠ መጣ፤ እሳቸው ወደ እሱ ሲዞሩ እኛም በለቀቁት በር ገባን።

ግልገሉ ደልዳላ፣ ነጭ፣ የአንድ ወር ገደማ ነው። የኋላ እግሮቹ እንደ በትር ተገትረዋል። መሬት ላይ ሲያስቀምጡት ለመቆም ሞከረ፤ ተንቀጠቀጠና በጎኑ ወደቀ። ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይላል።

«አክስቴ፣ ልውጋው» አለ ወጣቱ። ሣጥኑን ከፍቶ መርፌውን አውጥቶ ነበር። «ይህ ክትባት አይደለም። የጎደለው ማዕድን ነው፤ ሴሊኒየም ይባላል። ቶሎ ካገኘው ሊድን ይችላል።»

«ሊድን ይችላል? ወይስ ይድናል?»

ወጣቱ የግልገሉን ደረት በመዳፉ ዳበሰ። ከዚያ «ልቡ ካልተነካ ይድናል» አለ። «ልቡ ተነክቶ እንደሆነ አላውቅም። ልዋሽዎ አልችልም።»

እትዬ ዳኛ ጎንበስ ብለው ግልገሉን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። በአንድ እጃቸው ራሱን ደግፈው በሌላው መርፌውን ገፉ። «አይሆንም። ይህኛው እንኳ በሰላም ይሙት።»

«እየሞተ እኮ ነው!»

«እያየሁት ነው! ዓይን አለኝ!»

ሁላችንም ቆመን ቀረን። ወጣቱ መርፌውን እንደያዘ ተንበርክኮ አክስቱን ይለምናል፤ እሳቸው ግልገሉን እያሻሹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም «እትዬ፣ ምን ቀረዎት? ይሞክረው» አልኩ። እሳቸው የያዙትን ራስ ቀስ ብለው አሳረፉትና «እሺ፣ ውጋው» አሉ።

ወጣቱ ወጋው። ግን ዘግይቷል። ግልገሉ አንድ ጊዜ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ተዘረጋ፤ ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሰም።

እንደ ልማዱ የቀደመው ሰበር ዜና ነው። «አላልኳችሁም? መርፌው ገና ሳይወጣ!»

የወጣቱ ዓይን እንባ አቀረረ። ሰው ሲያዋርደው ያለቀሰ እንዳይመስላችሁ፤ የዘገየው በሐኪሙ እንዳልሆነ ሁላችንም እያወቅን ሞቱ በእሱ እጅ ላይ መውደቁ ነው ያቃጠለው። ሣጥኑን መልሶ ሊዘጋ ሲል እትዬ ዳኛ ድንገት ክንዱን ያዙት።

«የት ትሄዳለህ? ክፈተው።»

«ምኑን?»

«ግልገሉን። መርፌህ ገድሎት እንደሆነ ውስጡን ከፍተህ አሳየኝ። ካልሆነም አሳየኝ። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው።»

በግቢው ጥግ፣ የወተት ዕቃ የሚታጠብበት የሲሚንቶ መደብ ላይ ላስቲክ ተነጠፈ። ወጣቱ ጓንቱን አጥልቆ ግልገሉን ከፈተ። የታፋውን ቆዳ ገልጦ ወደ ጎን ሲል፣ እትዬ ዳኛ መነጽራቸውን ከደረታቸው አንስተው አደረጉና ተጠጉ።

ሥጋው ቀይ መሆን ነበረበት። ቀይ ነበር፤ ግን በቀዩ መሃል የተቀቀለ የሚመስል፣ የገረጣ፣ ነጭ ሰንበር ሰንበር ነገር ተጋድሟል። በወገቡም እንዲሁ። ወጣቱ ልቡን አውጥቶ በመዳፉ ላይ ሲሰነጥቀው እዚያም ኖራ የነኩት ይመስል ነጭ ጠባሳ ነበረ።

«ይህ አሁን በተወጋው መርፌ የመጣ ነው?» አለ ወጣቱ፣ ቀስ ብሎ።

እሳቸው ጣታቸውን በሰንበሩ ላይ አሳለፉ። ዕድሜ ልካቸውን የበግ ሥጋ በእጃቸው ያለፈ ሰው ናቸው። «ይህ የበግ ሥጋ አይደለም» አሉ። «ይህ የከረመ ነገር ነው።»

«አዎ፣ የከረመ ነው። እናቱ እርጉዝ ሳለች ጀምሮ የጎደለ ነው። ሴሊኒየም ሲጎድል ጡንቻ እንዲህ ይሞታል፤ ሲጠናበት ልብም ይሞታል። ቅድም ወፍራሞቹ ለምን ሞቱ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ቶሎ የሚያድግ ግልገል ሥጋ የሚሠራው በፍጥነት ነው፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ማዕድን ከከሲታው ይበልጣል። ሆዱ በወተት ሞልቷል፤ ግን ወተቱ ውስጥ ያ ነገር የለም። ጠግቦ ነው የተራበው።»

«እናቱስ ለምን አጣች? በላች አይደል?»

«ሳሩ ውስጥ የለማ።»

«ሳሩስ?»

«አፈሩ ውስጥ የለም።»

«አፈርም ይራባል በለኛ!» እትዬ ዳኛ በምሬት ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቅድም እንደነበረው ስል አልነበረም። «እሺ፣ ይህንን ንገረኝ። አባቴ በዚሁ አፈር ላይ በግ ያረባ ነበር። ማዕድን የሚባል በስሙም አያውቅ። ለምን የእሱ ግልገሎች አልሞቱም?»

«እርስዎ ይንገሩኝ» አለ ወጣቱ። «አያቴ እንዴት ነበር የሚያረቡት? እኔ አልደረስኩባቸውም።»

«እንዴት ማለት? እንደ ሰው ነዋ! በጎቹን ከዚህ መስክ ወደ ወንዙ ዳር፣ ከወንዙ ዳር ወደ ማዶው ኮረብታ ይነዳቸዋል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አያቆያቸውም። ኮረብታው ስር ግራጫ አፈር የሚባል ነበር፤ በጎቹ እሱን ሲልሱ ነው የሚውሉት። አባቴ ‹ካልላሱ አይከርሙም› ይል...»

ቃሉን ሳይጨርሱት አቆሙ።

እኔ ወደ መስኩ ዞሬ አየሁ። ከመስኩ ጫፍ አዲሱ አውራ ጎዳና ያልፋል፤ ከጎዳናው ወዲያ ኮረብታው የድንጋይ ካባ ሆኖ በግማሽ ተበልቷል። የእትዬ ዳኛ በጎች መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ከዚያ አጥር ወጥተው አያውቁም። ዓመት በዓመት የሚግጡት ያንኑ ሳር ነው፤ የሚታጨደውም፣ ለክረምት የሚከመረውም ያው ነው። ሳሩ ለምልሟል፤ ከአፈሩ የወጣው ግን አልተመለሰለትም።

«ለጨው ይመስለኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ጨው ከሱቅ ገዝቼ አበላቸዋለሁ። ይበቃል ብዬ ነበር።»

«ጨው መስጠትዎ ጥሩ ነው አክስቴ። አፈሩ ውስጥ ግን ከጨው በላይ ሌላም ነበረ። እኔም ክትባቱን ስሰጥ ይህን መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።»

ይህን ሲል አክስቱ ቀና ብለው አዩት። ነገር ግን በቀላሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም። «ግልገሎቹን ገባኝ» አሉ። «ትልልቆቹስ? ተከትበው ለምን አሳላቸው? መርፌው ውሃ ነው?»

ወጣቱ ጓንቱን አውልቆ መደቡ ዳር ተቀመጠ። «ክትባት ማለት የሌባውን ፎቶ ለዘበኞች ማሳየት ነው። ዘበኞቹ በደም ውስጥ ናቸው። ሌባው ሲመጣ እንዲያውቁት ነው። ግን ዘበኛው ራሱ ቢራብስ? ፎቶውን ሲያሳዩት ያንቀላፋል። ሌባውን ቢይዘው እንኳ የሚያስርበት ገመድ የለውም። ሴሊኒየም የሌለው ሰውነት እንዲህ ነው፤ ጀርሙን ይይዘዋል፣ መግደል ግን ያቅተዋል። መዳብም ሲያንስ፣ ዚንክም ሲያንስ ዘበኛው እንዲሁ ይደክማል። መርፌዬ ውሃ አልነበረም። በባዶ ቤት ነው ያንኳኳሁት።»

«እና ነገ ምን ታደርጋለህ?»

«ነገ ከክትባቱ ጋር የጎደለውን ማዕድን ለሁሉም እሰጣለሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ዘበኞቹ ሲበረቱ፣ ክትባቱን እደግመዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮም ለበግ ተብሎ የተዘጋጀውን ማዕድን ያለበት ጨው ገንዳ ላይ ያድርጉላቸው።»

እትዬ ዳኛ ወደ ገንዳው አይተው፣ «አብዝቼ ብሰጣቸው ቶሎ ይድናሉ?» አሉ።

ወጣቱ ከተቀመጠበት ተነሳ። «በፍጹም! ይህን ከሁሉ በላይ ይስሙኝ። ሴሊኒየም ከልኩ ካለፈ መርዝ ነው። መዳብ ደግሞ ለበግ የባሰ ነው፤ ለላም የሚስማማው መጠን በግ ይገድላል። ጉበቱ ውስጥ ዝም ብሎ ይጠራቀምና አንድ ቀን ይፈነዳል። ዓይኑ ቢጫ፣ ሽንቱ ጥቁር ሆኖ ይሞታል። ስለዚህ ደምና የዚህን ግልገል ጉበት ወደ ላቦራቶሪ እልካለሁ፤ ምን ያህል እንደጎደለ ሳናውቅ መዳብ አንነካም።»

ንግግሩ አልቆ ነበር። ግን መሐላው አላለቀም። እትዬ ዳኛ በዚያ ቀን በሩን ለክትባቱ እከፍታለሁም አልከፍትምም አላሉም። «ሂዱ» አሉን ብቻ፤ ወደ ጋጣው ገብተው ልጇን ያጣችው በግ አጠገብ ቆሙ።

ያን ቀን ከአካባቢው አልራቅኩም። በማግስቱ ጠዋት ስመለስ መንገዱ በበግ ተሞልቷል። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዳርሶ ነበር፤ ግማሹ ሰው ሊያስከትብ፣ ግማሹ ጠብ ሊያይ መጥቷል። የክትባት ቡድኑ መኪና ከዳር ቆሟል። ወጣቱ ሣጥኑን ይዞ ከበሩ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ሊያንኳኳ አልደፈረም። ሰበር ዜና ከመሃል ሆኖ «አልከፍትም ብላ ምላለች፤ ትከፍት እንደሆነ አያለሁ» ይላል።

በሩ ተንቋቋ። እትዬ ዳኛ ወጡና ሕዝቡን አንድ ጊዜ ቃኙት።

«ትናንት ስምል ሰምታችኋል» አሉ። ድምፃቸው ጮክ ያለ አልነበረም፤ ሁሉም ግን ሰማ። «ሳላውቅ ነው የማልኩት። ሳያውቁ የማሉትን መሐላ ለማክበር ብዬ መንጋ አላስጨርስም። የሚስቅ ካለ አሁን ይሳቅና ይጨርስ፤ ከዚያ በጉን ያስገባ።»

ማንም አልሳቀም። ሁለቱን የበር ክንፎች እስከ መጨረሻው ገፏቸው፤ ከሁሉ በፊትም የራሳቸውን በጎች ወደ መተላለፊያው ነዱ።

የመጣ ሁሉ ግን አልገባም። ሰበር ዜና በጎቹን መልሶ ነዳ። «አንዴ የተናገርኩትን አላጥፍም» አለ። ወንድ መሆኑን በዚህ ያሳየ መሰለው። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ ሁለተኛውን መካሪ ግን ለጠላትም አይመኙትም።

የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። ሴሊኒየም እጅግ ዝቅ ያለ፣ መዳብም መጠነኛ ጉድለት ያለበት ሆኖ ተገኘ። ወጣቱ የመዳቡን መጠን በጥንቃቄ ለክቶ እሱ ራሱ ሰጠ። ክትባቱ ተደገመ። ግን ገና እፎይ ሳይባል የማዶው የሳምባ ምች ወንዙን ተሻገረ።

ያንን ሰሞን እትዬ ዳኛን ያየ ሰው ያዝንላቸዋል። ከጋጣ አይለዩም። አንዲት በግ ስታስል ከሰሙ ልብሳቸውን ሰብስበው ይሮጣሉ። እውነቱን ልናገር፣ በጎቻቸው ምንም አልነካቸውም አልልም። አንዳንዶቹ ታመሙ፤ ሁለት አሮጌ በጎች ሞቱ። ሌሎቹ ግን አስለው፣ ለጥቂት ቀን መኖ ትተው፣ መልሰው ተነሱ። ዘበኞቹ በዚህ ጊዜ ገመድ ነበራቸው። ከአጥሩ ማዶ፣ ከሰበር ዜና ግቢ ግን የሞተ በግ በጋሪ መውጣት ዕለት ዕለት ሆነ።

ሌላ ጊዜ ለሱፍ ስሄድ እትዬ ዳኛ በደስታ ተቀበሉኝ። አዲስ የበቀለውን ሱፍ ከሥሩ ከፍተው ሲያሳዩኝ፣ ከላይ ቀጥ ያለው ከታች ወደ ጥቅልልነቱ እየተመለሰ ነበር። ሻይ ይዘን ስንጨዋወት ሠራተኛቸው ገባና፣ «ጎረቤታችን እኮ እሱም የማዕድን ዱቄት ገዛ፤ ለከብት የሚሆነው ረከስ ያለ ነው ብሎ አንድ ከረጢት ተሸክሞ ሲገባ አየሁት» አለ።

ሴትዮዋ የያዙትን ብርጭቆ የት እንዳስቀመጡት አላየሁም። እኔ ጫማዬን እስካጠልቅ እሳቸው አጥሩን አልፈዋል። ተከትዬ ስደርስ ሰበር ዜና ከከረጢቱ ወደ ገንዳው እየገለበጠ ነው፤ የተረፉት በጎቹ እየተጋፉ አፋቸውን ወደ ገንዳው ሰደዋል።

«አቁም!»

«ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ከመዞሩ፣ እትዬ ዳኛ ገንዳውን በሁለት እጃቸው ገልብጠው ዱቄቱን መሬት ላይ ደፉት።

«አበድሽ? ገንዘቤ እኮ ነው!»

«ነፍሳቸው እኮ ነው! ከረጢቱን አንብብ! የላም ሥዕል አይታይህም?»

«በግና ላም ምን ለያቸው? ማዕድን ማዕድን ነው! አንቺ በዚህ አይደል የዳንሽ?» ሰውዬው ድምፁ ተሰበረ። «ሁሉም እያለቀብኝ ነው። ዝም ብዬ ልይ?»

እትዬ ዳኛ ሊጮሁ የተነሱበትን ድምፅ ዋጡት። ከረጢቱን ከእጁ ተቀብለው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ረጋ ብለው ይነግሩት ጀመር፦

«ስማኝ ወንድሜ። በዚህ ውስጥ ያለው መዳብ ለላም ነው የተለካው። በግ ሲበላው ዛሬ ምንም አይሆንም፤ ነገም አይሆንም። ጉበቱ ሲሞላ ግን በአንድ ቀን ያልቅብሃል። ለበግ የተዘጋጀውን፣ ተለክቶ፣ ከሰጠሃቸው ያኔ ጥቅሙን ታያለህ። እርጉዟ ካገኘች ግልገሏ በእግሩ ይቆማል። የምታስከትበው ክትባት በከንቱ አይቀርም፤ ሰውነቱ ይቀበለዋል። የታመመው ቶሎ ይነሳል፤ ለመድኃኒት የምትሮጠው ይቀንስልሃል። ሱፉም ይመለሳል፤ ይኸው ገዢው ቆመዋል፣ ጠይቃቸው። በሚቀጥለው ዓመትም አፈርህን አስመርምር፤ የጎደለው ከሥር ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሳሩ ለምልሟል፣ ሆዱ ሞልቷል ብለህ አትታለል። እኔ ተታልዬ ነው የቀበርኩት።»

ሰበር ዜና ከረጢቱን እያየ ቆየ። በመጨረሻ እንደ ተማሪ፣ «ታዲያ ለእኔ በጎች ስንት ስንት ይሰጣቸዋል?» ብሎ ጠየቀ።

እኔ መልሱን ጠበቅኩ። በበግ ጉዳይ ተጠይቀው መልስ ሲያጡ፣ አጣሁ ሲሉም ሰምቻቸው አላውቅም።

«አላውቅም» አሉ እትዬ ዳኛ። «የኔ በጎች ደም ተመርምሮ ነው የተወሰነላቸው፤ የአንተ ገና አልታየም። ልጁን አስጠራዋለሁ፤ ደማቸውን ይውሰድና እሱ ይንገርህ። እስከዚያ ድረስ እጅህን ሰብስብ።»

ከዚያ ሠራተኛው ወደ ክሊኒኩ ተላከ። በጎቹ ግን የፈሰሰው ዱቄት ሸትቷቸው አልርቅ አሉ። ሐኪሙ እስኪደርስ ድረስ እትዬ ዳኛ በአንድ በኩል፣ ሰበር ዜና በሌላ በኩል፣ እኔ የሥራ ልብሴን ለብሼ መሃል ሆኜ፣ ሦስታችንም እጃችንን ዘርግተን ስንከለክላቸው ቆየን።